የሃንጋሪ ገበሬዎች በግራር ሜዳ

መምህር ታምራት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ታሪክ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። በየዓመቱ አንድ ተማሪ ይነሳና ያችኑ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ጠያቂው ይለዋወጣል እንጂ ጥያቄዋ አትለወጥም። በዚያ ዓመት የጠየቀው ካሚል ነበር። አባቱ ጀውሃ ላይ የመኪና ጎማ ይጠግናል፤ ካሚልም ጠዋት ጠዋት አባቱን ሲያግዝ ቆይቶ ጥፍሩ ሥር ግሪስ እንዳለ ነው ክፍል የሚገባው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ የፈረንጅ ንጉሥ ነገሠ፣ ሞተ የሚባለው ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል? ለፈተናው ነው ካሉኝ ገብቶኛል። ከፈተናው ሌላ ማለቴ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ድሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ስድሳ ልጅ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት እየሆነ ተጣቦ ይቀመጥ ነበር። ተኩሱ፣ የመንገዱ መዘጋት፣ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ ሲባል መልሶ መዘጋቱ ልጆቹን በተናቸው። ገሚሱ ባጃጅ ይነዳል፤ ገሚሱ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ዐረብ አገር ወጥቷል፤ የቀሩት የት እንደገቡ ታምራት መጠየቅ ትቷል።

«ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ነው ደጋግሞ የሚሠራው፣ ካሚል» አለ ታምራት ጠመኔውን አስቀምጦ። «አገሩ ይለያያል፣ ዘመኑ ይለያያል፣ ስህተቱ ግን መልኩ አንድ ነው። የሌላውን አገር ያነበበ ልጅ፣ ያ ነገር ሰፈሩ ሲመጣ ያውቀዋል። ካወቀው ደግሞ ሊያስቆመው ይችላል። ከፈተናው ሌላ የምታገኙት ይሄንን ነው።»

ይህን ሲናገር ከልቡ ነበር። ሚስቱ ከሞተች፣ ሁለት ልጆቹም አዲስ አበባ ከቀሩ ወዲህ የሚያምንባቸው ነገሮች እያነሱ እያነሱ ሄደው ይህ ብቻ ነበር የቀረው።

የዕለቱ ትምህርት ስለ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ነበር። መማሪያ መጽሐፉ በሽታን በአንድ አንቀጽ ያልፈዋል። ታምራት ግን ጎበዝ ተራኪ ነበርና መጽሐፉን አጠፈው። እንደ ፈረንጆቹ በ1831 ኮሌራ ሃንጋሪ ሲገባ የሆነውን ነገራቸው። ሹማምንቱ በሽታውን እንከላከላለን ብለው ጉድጓዶች ውስጥ መድኃኒት ጨመሩ። ገበሬው ውኃው ሲሸተው፣ ልጆቹም ሲሞቱበት፣ «ባላባቶቹ ሊጨርሱን መርዝ ጨመሩብን» አለ። ቤት ተቃጠለ። ሐኪም ተገደለ፣ ቄስ ተገደለ፣ ባላባት ተገደለ። መድኃኒቱን የሚያውቀው ሰው ሸሸ፤ በሽታውም ሜዳውን ለብቻው አገኘው።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ሐያት እጇን አወጣች። ሐያት የአብዱልሀኪም ልጅ ናት፤ አባቷ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለችው ግራር ሜዳ ማሾና ሽንኩርት ያርሳል። እሷ ሸዋ ሮቢት ላይ ከአንዲት ዘመዷ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜና እሑድ አገሯ ትገባለች።

«ገበሬዎቹ ስላልተማሩ ነው ቲቸር?»

«አይደለም። ስላላመኑ ነው። ባላባቱ ለዘመናት ሲበድላቸው ኖሯል፤ አንድ ቀን መጥቶ ለእናንተ ብዬ ነው ቢላቸው እንዴት ይመኑት?»

«እንግዲያው ማን ሊነግራቸው ይችል ነበር?»

ታምራት አሰብ አደረገ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከተጠየቀ ስንት ዓመቱ! «ከራሳቸው መሀል የወጣ፣ ነገሩን ያወቀ ሰው ቢኖር ኖሮ» አላት። «ያ ሰው ነው ያልነበራቸው።»

ሐያት ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከክፍል ሲወጡ ተከትላው መጥታ ታሪኩን ያነበበበትን መጽሐፍ ለመነችው። ከኮሌጅ ይዞት የመጣ፣ ሽፋኑ የወለቀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። በስልኳ መዝገበ ቃላት እየታገዘች በሦስት ሳምንት ጨረሰችው።

ሚያዝያ ላይ ደጋው አብዝቶ ዘነበ። ቆላው ጠብታ ሳያገኝ የደጋው ጎርፍ ወረደና የግራር ሜዳን ማሳ በደለል አልብሶ ሄደ፤ የመጠጥ ጉድጓዱ ውስጥም ገባ። በሳምንቱ ሰው መታመም ጀመረ። መንግሥት አተት ይለዋል፤ ተቅማጥና ትውከት ነው፤ ጠዋት እርሻ የወረደውን ሰው ለማታ አይኑን አጎድጉዶ ያስተኛዋል።

የግራር ሜዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሙሉ ትባላለች። እሷም የታምራት ተማሪ ነበረች፤ ከስምንት ዓመት በፊት። ቤት ለቤት በእግሯ እየዞረች የሕፃናት ክትባትና የእናቶች ክትትል ስትሠራ ሰው ይወዳት ነበር። በሽታው ሲገባ የክሎሪን ዱቄት በባልዲ በጥብጣ ጉድጓዱ ውስጥ ጨመረች። በነጋታው አየለ የሚባል የመንደሩ ገበሬ የአራት ዓመት ልጁ ሞተበት። ልጁ የታመመው ክሎሪኑ ከመጨመሩ ቀድሞ ነበር፤ ይህን ግን የሚቆጥርላት አልነበረም። አየለ የሚያስታውሰው ልጁ ውኃውን ቀምሶ ፊቱን ማጨፍገጉን፣ «አባዬ ይሸታል» ማለቱን ነው።

ሐሙስ ዕለት ሐያት እረፍት ሰዓት ላይ ታምራትን መምህራን ክፍል በር ላይ አገኘችው። ከአገሯ በእግሯ ነበር የመጣችው፤ ጫማዋ ጭቃ ነው።

«ቲቸር፣ ያ ያስተማሩን ነገር እኛ አገር መጥቷል።»

«የቱ?»

«የሃንጋሪው። ሙሉን መርዝ ጨመረች እያሏት ነው። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። አሁን ውኃ ስንቀዳ በአደባባይ ነው የሚወራው። ከላይ ታዝዛ ነው፣ መሬቱን ለባለሀብት ሊሰጡት ስለፈለጉ እኛን ሊጨርሱን ነው ይላሉ። ወላሂ ቲቸር፣ ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ነው፤ ቃሉ ሁሉ አንድ ነው። ወንድሜም ታሟል።»

ታምራት በኋላ ላይ ራሱን ይቅር ያላለው በዚያች ደቂቃ ለተሰማው ነገር ነው። የተሰማው ደስታ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረው፣ ይሆናል እያለ የጠበቀው፣ ሲሆን ግን አይቶት የማያውቀው ነገር ጫማዋ ጭቃ የሆነ ልጅ ሆኖ ፊቱ ቆሟል። አወቀችው፣ አለ በልቡ። ሲመጣ አወቀችው።

አርብ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ይዟት ሄደ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ ሌላ ስብሰባ ነበረው። በመጨረሻ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰማቸው። «መምህር፣ እኔ ዛሬ ስንት የጸጥታ ጉዳይ እንዳለብኝ ያውቃሉ? ወሬ ነው፤ ይበርዳል። በደብዳቤ ያቅርቡት» አለና ስልኩን አንስቶ ሄደ። ታምራት ደብዳቤውን ጽፎ ገቢ አደረገ። መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም።

«እንግዲህ እኛው እንነግራቸዋለን» አላት ሐያትን። «እሑድ እመጣለሁ። ሰዎቹን ሰብስቡልኝ።»

እሑድ ረፋድ ከካሚል ጋር ባጃጅ ይዘው እስከ መገንጠያው ሄዱ፤ ከዚያ ግራር ለግራር በእግራቸው። ሙቀቱ ገና በረፋዱ አናት ይበሳል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱትም፣ እስላሞቹም ዋርካው ሥር ተሰብስበዋል፤ ወደ ሰባ ሰው ይሆናል። የሐያት አባት አብዱልሀኪም ለእንግዳው ወንበር አስመጣ። ሙሉም ባልዲዋን ይዛ ዳር ቆማለች። ፊቷ ከስቷል። ታምራትን ለብቻው ሳብ አደረገችው።

«ቲቸር፣ በመምጣትዎ አከብርዎታለሁ። ግን እባክዎ ስለ ውኃው ብቻ ይንገሩልኝ። ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ይበሉልኝ። ታሪኩን ይተዉት።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። እነዚህ ሰዎች ልጅ ቀብረው ነው የተቀመጡት።»

ታምራት ትከሻዋን ነካ አድርጎ ፈገግ አለ። አስተማሪ ነው፤ ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር ያውቅበታል። ተነሳና ሃንጋሪን ነገራቸው። አሳምሮ ነው የነገራቸው። ገበሬዎቹ እንደ እነሱው መሬት የሚቆፍሩ፣ ግብር የሚገብሩ፣ ልጅ የሚወዱ መሆናቸውን፤ በሽታውን፤ ጉድጓዱ ውስጥ የተጨመረውን ዱቄት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙት። አንዲት አሮጊት ልጆቹ ሲሞቱ ሲናገር አለቀሱ። ታምራት ያዝኳቸው ብሎ አሰበ።

ሲጨርስ አየለ ተነሳ። ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ረጅም፣ ለሐዘን ፀጉሩን የተላጨ ሰው ነው።

«ጋሼ ታምራት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እነዚያ ባላባቶች ገበሬውን ይበድሉ ነበር አሉን። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«መሬቱን ይቀሙት ነበር?»

ታምራት በሕይወቱ ስለ ታሪክ ተጠይቆ ዋሽቶ አያውቅም። «አዎ፤ ይቀሙት ነበር።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ዱቄት የጨመሩትም እነሱው ናቸው?»

«መድኃኒት ነው እንጂ...»

«ቆይ፣ ቆይ። ዱቄቱ ከተጨመረ በኋላ ስንት ሰው ሞተ?»

«በጠቅላላው ከሁለት መቶ ሺህ በላይ፤ ግን እሱ በኮሌራው...»

ሁለት መቶ ሺህ የሚለው ቃል ዋርካው ሥር እንደ ንፋስ አለፈ። ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። «ሰማችሁ?» አለ አየለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ሳይጮህ። «ሁለት መቶ ሺህ። በእኛ የተጀመረ አይደለም ማለት ነው። ፈረንጅ አገርም ድሃውን እንዲህ ነው ያደረጉት። የተማረ ሰው ነው የነገረን፤ መጽሐፍ አይቶ ነው።»

«አየለ፣ እኔ ያልኩት እንዲያ አይደለም! ገበሬዎቹ ተሳስተው ነበር!»

«መጽሐፉን የጻፈው ማን ሆነና ጋሼ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ በትሕትና። «ገበሬ አይደለም መቼም።»

ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ታምራትን እንዲህ ብሎ ቢጠይቀው ጎበዝ ይለው ነበር።

ጫጫታው ሲነሳ ሐያት ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ካለው ጀሪካን በጆግ ቀዳች፤ ክሎሪኑ ጠዋት ነው የተጨመረው፣ ሽታው ከሩቅ ይሰማል። «እዩኝ!» አለች። «እኔ የእናንተው ልጅ ነኝ። ቢስሚላህ!» ጆጉን ሙሉ ሳትተነፍስ ጠጣችውና አፏን በሻርፗ ጠረገች። «መርዝ ቢሆን እጠጣ ነበር?»

አባቷ አብዱልሀኪም ብድግ ብሎ ቆመ። ሰዉ ለጥቂት ጊዜ ተረጋጋ። አንዳንዶቹ አፈሩ። ታምራትና ካሚል ሲመለሱ ሐያት እስከ ማሾ ማሳው ጫፍ ሸኘቻቸው። «ሰኞ አልመጣም ቲቸር፤ ወንድሜን ላስታምም። ማስታወሻ ካሚል ይስጠኝ» አለች። ያመናት ሰው እንዳለ እርግጠኛ ነበረች፤ ፊቷ ያበራ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሌላ ሁለት ሰው ሞተ። ሙሉ ክሎሪኗን ይዛ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ይጠብቋት ነበር። ባልዲውን ቀሙና ደፉት፤ ቀጥሎ እሷን መቱ። በዱላ የመታት ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የተናገረ የለም። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐያትና አባቷ ጎትተው አወጧትና በአህያ ጋሪ አስፋልት አደረሷት። ማክሰኞ ታምራት ሐኪም ቤት ሊጠይቃት ሲሄድ ጀሶ ታስሮላት አገኛት። ስለ እሑዱ አንዲት ቃል አልወጣትም። «ትናንት ስንት አዲስ በሽተኛ ገባ? ሰምተዋል?» አለችው ብቻ። በዚያው ሳምንት የሙሉ ወንድም መጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዳት። ሥራውን ለቀቀች።

ረቡዕ በጠዋት ካሚል ደወለ። «ቲቸር፣ ሐያት ታማለች። ትናንት ከሰዓት ጀምሯታል።»

ሐያት ወንድሟን ስታስታምም፣ ልብሱን ስታጥብ፣ ትውከቱን ስትጠርግ አራት ቀን ሆኗታል። የታመመችው ከዚያ ነበር፤ ታምራት ይህን ያውቃል፣ ሙሉም ታውቃለች። በግራር ሜዳ ግን ሰው ሁሉ ያየው አንድ ነገር ነው፤ ጆጉን ሙሉ ስትጠጣ።

ያን ዕለት መንገድ ተዘግቶ ነበር። በላይ በኩል ተኩስ አለ ተብሎ ባጃጅ አይንቀሳቀስም፤ መኪና የለም። ታምራት ከፋርማሲ ሃያ ፓኬት ኦአርኤስ፣ ያን ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ ገዝቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ባዶውን አስፋልት ይዞ በእግሩ ወረደ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱም ይታመማል። ግራር ሜዳ መግቢያ ላይ ወጣቶች እንጨት አጋድመው ተቀምጠዋል። ሲያውቁት ተነስተው ሰላም አሉት።

«ቲቸር፣ ቦርሳዎትን እንየው፣ ይቅርታ። ትእዛዝ ነው።»

ፓኬቶቹን አወጡ። አንዱ ቀደደና ነጩን ዱቄት መዳፉ ላይ አፈሰሰው።

«ጨውና ስኳር ነው ልጄ። መድኃኒት ነው። ልጅቷ እየሞተች ነው፣ ስለ ፈጣሪ።»

«እርስዎ ክፉ እንደማያስቡ እናውቃለን» አለ ልጁ። ከልቡ ነው ያለው። «እርስዎን አታለውዎት ነው የሚሆነው። ዱቄት አይገባም ተብሏል።» ሃያውንም ፓኬት አንድ በአንድ እየቀደዱ መሬት ላይ ደፉት። እሱን ግን አሳለፉት፤ ቦርሳውንም አራግፈው መለሱለት።

ሐያት በዝቅተኛ አልጋ ላይ ተኝታለች። ታምራት መጀመሪያ ሌላ ሰው መስላው ነበር። ጉንጯ ገብቷል፤ የጣቶቿ ቆዳ ውኃ ውስጥ እንደቆየ ሰው እጅ ተጨማዷል። እናቷ ጭንቅላቷን ይዛለች። ታምራት ውኃ አስፈልቶ፣ ጨውና ስኳር ለክቶ በጥብጦ በማንኪያ ይሰጣት ጀመር። ትውጠዋለች፤ ይመለሳል። ጉሉኮስ ነበር የሚያስፈልጋት። ጉሉኮስ ያለው ሸዋ ሮቢት ነው። አብዱልሀኪም ቃሬዛ የሚሸከሙ አራት ሰዎች ለማግኘት ቤት ለቤት ሲዞር ዋለ፤ ሰዉ አለቀሰለት እንጂ የሚነካት አጣ። በመጨረሻ ካሚል ከጀውሃ አንድ ጓደኛውን ይዞ በእርሻ ውስጥ አቆራርጦ ደረሰ። ከአባትዬውና ከታምራት ጋር አራት ሆኑ። ቃሬዛውን እያሰሩ ሳለ ሐያት አይኗን ገለጠች።

«ቲቸር።»

«አለሁ።»

«ሃንጋሪ... መጨረሻው እንዴት ሆነ? እንዴት ቆመ?»

ታምራት ያውቃል። ወታደር መጣ፤ ገበሬዎቹ ተሰቀሉ፤ በሽታው የሚገድለውን ገድሎ ሲበቃው በራሱ ጊዜ አለፈ። ማንም ምንም አላስቆመም።

«ሰዎቹ ገባቸው» አላት። «ቀስ እያለ ገባቸው።»

ሐያት አየችው። ከንፈሯ የተሰነጠቀ ቢሆንም ጠርዙ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ ፈገግታ ይሁን ሕመም አልለየም። «አንብቤዋለሁ እኮ» አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

አስፋልቱ ሳይደርሱ ማሾ ማሳው መሀል አብዱልሀኪም «አውርዷት» አለ። አወረዷት። አይኗን ራሱ ከደነው፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አፈር እያነሳ ይጥል ጀመር። ማሾው አበባ አውጥቶ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ቃሬዛውን አዙረው ተመለሱ፤ በዚያው ቀን ተቀበረች።

በሦስተኛው ቀን ታምራት ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። የጠበቀው ቁጣ ነበር፤ አብዱልሀኪም አንገቱን ይዞ ቢጥለው፣ ቢረግመው፣ ልጄን መልስልኝ ቢለው ይሻለው ነበር። አብዱልሀኪም ግን ተነስቶ ተቀበለውና ከጎኑ አስቀመጠው። «እሷ አንቱን ትወድዎ ነበር» አለው። «እቤት ስትመጣ ወሬዋ ሁሉ የአንቱ ነው። አላህ የጻፈው ነው፣ አንቱ ምን ያድርጉ።»

ትንሽ ቆይቶ አየለ መጣ። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚያ አገር ለቅሶ ላይ አይለያይም። አየለ አብዱልሀኪምን አቅፎ አለቀሰ፤ ልጅ ያጣ ሰው ለልጅ ላጣ ሰው እንደሚያለቅሰው ነበር ያለቀሰው፣ ምንም ሐሰት አልነበረበትም። ከዚያ ታምራት አጠገብ ተቀመጠ፤ እጁንም በሁለት እጁ ያዘው።

«ጋሼ ታምራት፣ ምስጋና ሳላቀርብልዎት ቆየሁ። እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ እኛ ምን እናውቅ ነበር? ብዙ ሰው ጠርጥሮ ዝም ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ተደርጎ ያውቃል ብሎ ማን ያምናል? እርስዎ ከነገሩን በኋላ ነው ሰው የነቃው።»

«አየለ፣ ስማኝ። እኔ የነገርኳችሁ ተቃራኒውን ነው። ሙሉ ልታድናችሁ ነበር። ሐያትን የገደላት በሽታው ነው፤ ያንተንም ልጅ። ጉድጓዱን የሚያክም ሰው ስላጣችሁ ነው አሁንም የምትሞቱት።»

አየለ ለአፍታ አየው። አይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ርኅራኄ ነበር። ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ገብቶኛል ጋሼ» አለ በዝግታ። «እርስዎ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነዎት። እንዲያ ማለት አለብዎት። አይዞዎት፣ ከዚህ መንደር አንድም ሰው የነገሩንን አሳልፎ አይናገርብዎትም።» እጁን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው። «ሌላም እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ፣ ጊዜ ሲያገኙ መጥተው ይንገሩን።»

ታምራት ተነስቶ ሰው ተሰናበተ። ወደ አስፋልቱ ሲወርድ ሴቶች ከዚያው ጉድጓድ ውኃ ሲቀዱ አያቸው፤ ቆም ብሎ አፍልታችሁ ጠጡ አላቸው። «እሺ ጋሼ» አሉት በአክብሮት። ጀሪካናቸውን አዝለው ሄዱ። በዚያ ወር ግራር ሜዳ አሥራ አራት ሰው ቀበረች።

ሰኞ ክፍል ገባ። ምዕራፉ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ ምክንያቶች የሚል ነበር። ታምራት መጽሐፉን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ቃል በቃል እያነበበ አስጻፋቸው፤ ነጥብ ሲሆን ነጥብ፣ አዲስ መስመር ሲሆን አዲስ መስመር እያለ። አሥራ ስምንቱም አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። የቀረውን ዓመት በሙሉ እንደዚሁ አስተማረ።